ከሰንጋው ጉርሻ እስከ ተማሪው ጭልፋ

የኮሌጅ ከተማ ሲባል ኑሮዋ በአንድ የትምህርት ተቋም ላይ የተንጠለጠለ፣ የገበያዋ መሞቅና መቀዝቀዝ ከበልግና ከመኸር ይልቅ በምዝገባና በፈተና የሚወሰን፣ ተማሪው ለእረፍት ሲበተን ግማሹ ሱቅ የሚያዛጋባት ትንሽ ከተማ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ከተሞች ዛሬ በየአቅጣጫው ቢበዙም፣ ከቀደምቶቹ አንዷ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ሐረማያ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባቴ ከምትባል መንደር ጋር ተጎራብቶ የተቀመጠ ሲሆን፣ ዙሪያውን ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ማሽላና ጫት ከብበውታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ሰው ከማንም ቀድሞ ትኩስ አትክልት ይበላል ብሎ መደምደም የአንደኛ ዓመት የሎጂክ ትምህርት ገና ያልወሰደ ተማሪ የሚፈጽመው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ምግብ ከሰው ደጅ መብቀሉና ከሰው አፍ መድረሱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ በሐረማያም ትኩሱ ነገር የሚደርሰው ለቅርቡ ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ለሚጣደፍለት ነው።

ተቋሙ ከጥንስሱ ጀምሮ ስለ ምግብ የታሰበ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1949 ባደረጉት ንግግር በአራተኛ ነጥብነት ያነሱትና በዚሁ ምክንያት «ፖይንት ፎር» ተብሎ የቀረው የቴክኒክ እርዳታ መርሐ ግብር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት መሠረት የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ (የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) መምህራን የእርሻ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ትምህርቱ በመጀመሪያ በጅማ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. ወደ ሐረማያ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ወደ ዓለማያ፣ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በይፋ መርቀው ከፈቱት። ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የባቴ ሰው ግን ይህን ሁሉ የስም ለውጥ «ግቢ» በምትል አንዲት ቃል ሲያልፈው ኖሯል።

ኦክላሆማዎቹ ይዘውት የመጡት ሥርዓት በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ1862 ከወጣ ሕግ የተወለደ ነው፤ መንግሥት ለየግዛቱ መሬት ይሰጣል፣ ግዛቱም ከመሬቱ በሚያገኘው ገቢ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ የሚያስተምር ኮሌጅ ያቆማል። በጊዜ ሂደት የእንዲህ ዓይነቱ ኮሌጅ ሥራ ማስተማር፣ መመራመርና «ኤክስቴንሽን» ሆነ። ኤክስቴንሽን ማለት በምርምር የተገኘውን እውቀት ወደ ገበሬው ማሳ ማድረስ ነው፤ በአጭሩ ምሁሩ አዋቂ፣ ገበሬው አድማጭ ሆነው የሚገናኙበት ዝግጅት ነው። ከዚህ ዝግጅት ፍሬ አልታጣም። ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. ዓለማያ 624 የተባለ የድንች ዝርያ ለገበሬ አውጥቷል፤ ከጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ተነሥተው በ1965 ዓ.ም. ከዚህ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ደግሞ፣ የማሽላን ሥር እየመጠመጠ የሚያቀጭጨውን አቀንጭራ የተባለ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ጭምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሆኖም እውቀቱ ከግቢው ወደ ማሳው ሲፈስ፣ ምግቡም በዚያው መንገድ ከማሳው ወደ ግቢው ይመለሳል ብሎ የጻፈ ሰነድ የለም፤ ቢኖርም የተማሪው ምግብ ቤት አላነበበውም።

በአካባቢው ከማንም የበለጠ እንክብካቤ የሚደረግለት ተመጋቢ የሐረር ሰንጋ ነው፤ ይህም ለአባባል ማሳመሪያ የተነገረ አይደለም። የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ የእርሻ ይዞታው ጠባብ በመሆኑ ከብት የሚያሰማራበት ሜዳ የለውም፤ ስለዚህ ከቆላው አርብቶ አደር የገዛውን በሬ ጥቂት ዘመን ያርስበትና ከደጁ አስሮ ወደ ማድለቡ ይገባል። መኖውን የሚያገኘው በብዛት ከማሽላው ነው። ማሽላውን ሲዘራ ሆን ብሎ አብዝቶ ይዘራዋል፤ ከበቀለ በኋላ በየጊዜው እያሳሳ ይነቅለዋል፤ የተረፈውንም አገዳ ሲያድግ የታች ቅጠሉን እየቀነጠበ ይወስዳል። አንዱ ማሳ ለሰው እህል፣ ለበሬ ቀለብ፣ ለምድጃ ማገዶ ሲሰጥ ይከርማል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው በሌላ አገርም ሊገኝ የሚችል ጥንቃቄ ነው። የሐረርጌን ሙያ ልዩ የሚያደርገው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ገበሬው ወይም ባለቤቱ ከበሬው ፊት ለፊት ይቀመጡና ቅጠሉን በእጃቸው ሰብሰብ፣ ጠቅለል እያደረጉ ከአፉ ያገቡለታል። በሌላ አነጋገር ያጎርሱታል።

የጉርሻ ሥርዓት በኢትዮጵያ ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ለማንም የሚነገር አይደለም። ሰው ለሰው ሲያጎርስ ግን አንዱ እንዳያጣላ ሁለት፣ ሁለቱ እንዳይጎድል ሦስት ብሎ ይገታል፤ ተቀባዩም ቢሆን «በቃኝ»፣ «በሞቴ» እየተባባለ አፉን ለመክፈት ጥቂት ይግደረደራል። በሬው ይሉኝታ የለውም። በቀን ውስጥ ስንት ጉርሻ እንደሚቀበል የሚቆጥርለት ሰው ባይኖርም፣ ሥራው ለወራት የሚዘልቅ በመሆኑ በሐረርጌ ምድር አንድ ሰንጋ በዕድሜው የተቀበለው ጉርሻ አንድ ሙሽራ በሠርጉ ከሚቀበለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የእንስሳት አመጋገብ ሊቃውንት እንስሳው እስኪጠግብ ድረስ ያለ ገደብ መመገብን «አድ ሊቢተም» በሚል የላቲን ስም ይጠሩታል፤ የመኖውን ብዛትም ውሃው ተንኖ በሚቀረው በደረቅ ቁስ ሚዛን ያሰላሉ። ገበሬው ላቲን ባይማርም በሬው አፉን ከመክፈቱ መዘግየት የጥጋቡን መጠን ያነባል፤ የምግብ ፍላጎቱ የቀነሰ እንደሆነም የለሰለሰውን ቅጠል መርጦ ያባብለዋል። በዚህ መንገድ የደለበ ሰንጋ በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ገብቶ «የሐረር ሰንጋ» የሚለው ስም ብቻ ዋጋውን ከፍ ያደርግለታል፤ ምሁራኑም ዘዴውን ለማሻሻል ሳይሆን ለመረዳት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ገበሬው ደጅ ሄደዋል። ኤክስቴንሽኑ በዚህ ጉዳይ አቅጣጫውን እንደ ገለበጠ መመስከር ተገቢ ነው።

ከዚያ ደጅ ወደ ተማሪዎች ምግብ ቤት ሲታለፍ የአመጋገቡ ፍልስፍና ይለወጣል። ተማሪው «ሚል ካርድ» የተባለውን፣ የምግብ ቤቱ ተመጋቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዞ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሲደርሰው ካርዱ ይታይለታል፤ ትሪው ላይ እንጀራ ይቀመጥለታል፤ ከዚያም ጭልፋ ይመጣል። የሚያጎርሰው ስለሌለ ራሱ ይጎርሳል። ወጡ በአብዛኛው ሽሮ፣ ክክ ወይም ምስር ሲሆን፣ የእነዚህ ጥራጥሬዎች ትውልድ ከሐረርጌ ራቅ ያለ መሆኑን ጥራጥሬው ከሚበቅልበት የአገሪቱ ክፍል የመጣ ተማሪ ዘመዱን ባገኘ ሰው ናፍቆት ይገነዘባል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላም 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ሆኗል። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም ከዚህ ይወጣል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው «ወጪ መጋራት» በሚባለው ሥርዓት ደግሞ ተማሪው የበላውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጭልፋው የሚያወርደው ሽሮ በሕግ ቋንቋ ብድር ነው። ብድሩ ቀጠን ሲል ተበዳሪው የሚያጉረመርምበት ሥፍራ በዓለም ላይ ምናልባት ይህ ብቻ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ካሮት ለምን በዚህ ትሪ ላይ አይታይም የሚለው ጥያቄ መልሱ ከእርሻ ሳይንስ ሳይሆን ከግዢ ሕግ ይገኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገዛ በጨረታ ይገዛል፤ ጨረታ ማለት ሻጮች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ አስገብተው ያነሰው የሚያሸንፍበት ውድድር ነው፤ ወደ ውድድሩ ለመግባት ደግሞ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥርና የጨረታ ማስከበሪያ ያስፈልጋል። ካሮቷ ዛሬ ጠዋት የተነቀለች፣ አፈሩ ገና ያልደረቀባት መሆኗ በመመዘኛው ውስጥ ነጥብ የለውም። ሕጉን መራገም ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ለሺዎች የሚያበስል ወጥ ቤት በየማለዳው ከጉልት ሴቶች ጋር እየተከራከረ ድንች ሊሰበስብ አይችልም፣ ቢሞክርም ምሳ ለእራት ይደርሳል። ቁም ነገሩ፣ ወረቀት የሚገላበጠው ለድርጅቱ ሥራ እንጂ ለአትክልቱ ዕድሜ ተብሎ አለመሆኑ ነው፤ ምስርና ክክ ለጨረታ የተመቹ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቢዘገዩም አይጠወልጉም።

ከዚህ ሰልፍ የሸሸው ተማሪ «ነን ካፌ» ይባላል። ነን ካፌ የተመደበለትን የምግብ ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ ከግቢው ውጭ የሚበላ፣ በዚህም የተነሣ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ባለጸጋ፣ በመጨረሻው ሳምንት ፈላስፋ የሚሆን ተማሪ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ባቴ ውስጥ ካሉት ትናንሽ ምግብ ቤቶች በአንዱ «ኮንትራት» ይገባሉ፤ ማለትም የወሩን ሂሳብ ቀድመው ወይም ወሩ ሲያልቅ ለመክፈል ተስማምተው በየቀኑ እዚያው ይመገባሉ። ስምምነቱ የሚመዘገበው በዱቤ ደብተር ነው። ደብተሩን የምትይዘው ባለቤት ለሁሉም «ማዘር» ስትሆን፣ እርሷም ገና አንደኛ ዓመቱን ያልጨረሰውን ሁሉ «ዶክተር» ትለዋለች፤ «ማዘር፣ ሰኞ እከፍላለሁ» ሲላት «የትኛው ሰኞ፣ ዶክተር?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሰኞው እንዳይመጣ የሚፈራው ተማሪ መንገድ ይቀይራል፤ ሆኖም የባቴ መንገድ ብዙ ስላልሆነ ዞሮ ዞሮ ከደጇ ይወጣል። ዱቤውን የሚያስከብረው ዳኛ ይህ የመንገድ ማነስ ነው።

የጉልቱ ገበያም በዚሁ ሰፈር ነው። ጉልት ማለት ሻጯ ከመሬት ተቀምጣ ዕቃዋን በጆንያ ወይም በላስቲክ ላይ ዘርግታ የምትሸጥበት ገበያ ሲሆን፣ በሚዛን ፋንታ «መደብ» ይሠራበታል፤ መደብ በዓይን ግምት የተቆለለ ድንች ወይም ቲማቲም ነው፤ ትልልቆቹ ከላይ፣ ትንንሾቹ ከሥር ሆነው መቆለላቸው ከማንም ያልተሰወረ ምስጢር ነው። ከጎጃም፣ ከወላይታ ወይም ከአዲግራት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚማራቸው የኦሮምኛ ቃላት አንዱ ዋጋ የሚጠይቅበት «ሜቃ» ነው፤ መልሱን ግን አይረዳውም፤ ሻጯም ጣቶቿን ታሳየዋለች። የእርሻ ኢኮኖሚክስ ተማሪ በክፍል ውስጥ የፍላጎትና የአቅርቦትን መስመር ሲያገናኝ ይውልና ከመደቡ ፊት ሲቆም ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ የምትወስነው ሻጯ ሆና ያገኛታል። ከመደቡ በላይ አንዲት ድንች ጭማሪ ከጣለችለት ግን ሁለተኛ ከሌላ አይገዛም። ዓለማያ 624 የተባለው ስም እዚህ አይነሣም፤ በጉልቱ ድንች ወይ የሚፈርስ ነው ወይ የማይፈርስ።

ባቴን ከሌሎች የተማሪ ሰፈሮች የሚለያት ሌላው ነገር የጾም ጉዳይ ነው። ባለ ምግብ ቤቷ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም፣ ደንበኞቿ ደግሞ ከየእምነቱ የመጡ በመሆናቸው፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ መሥራትን ያለ ካህን ምክር ታውቃለች። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ሲውሉ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከፍተኛ የሒሳብ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ገጠማቸው፤ ሙስሊሙ የሚበላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ክርስቲያኑ የሚበላው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሥጋና ወተት የሌለበት መሆን አለበት። ለዚህ ችግር ምድር ካፈራቻቸው መፍትሔዎች ሁሉ የተሟላው ምስር ወይም ድንች ያለበት ሳምቡሳ ነው። ከሁለቱም ሃይማኖት ጋር አይጣላም፣ ከምድጃው እንደወጣ ይበላል፣ በዱቤ ቢወሰድም በቁራጭ ይቆጠራል። በዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ስለ አብሮ መኖር ከተነበቡት ጥናቶች ይልቅ የዚህ ሳምቡሳ አስተዋጽኦ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ቢያንስ ተሳታፊው ሳያንቀላፋ ነው የሚከታተለው።

ታዲያ የአካባቢው አትክልት ወዴት ይሄዳል? በጆንያ እየታሰረ፣ በመኪና እየተጫነ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅግጅጋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር ይጓዛል። ሞቃትና ደረቅ በሆነው የባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የሐረማያን ድንችና ጎመን በጉጉት ይጠብቃል፣ ነጋዴውም ይጣደፍለታል። ጥድፊያውን በሙሉ ክብሩ ለማየት ግን ከሐረማያ በሐረር መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ወደ አወዳይ መሄድ ያስፈልጋል። አወዳይ የጫት ገበያ ናት። በጫት ቅጠል ውስጥ ዋነኛው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ይህም ቅጠሉ ከተቆረጠ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ፣ በሐረርጌ መንገዶች ላይ የሚበርሩት የጫት መኪኖች የሚሽቀዳደሙት እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከኬሚስትሪ ጋር ነው። መኪናው ጥሩንባውን እያስጮኸ ሲያልፍ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ጥጉን ይይዝለታል። ስለ ድኅረ ምርት አያያዝ፣ ማለትም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚያ መኪና የተሻለ ማስረጃ አያገኝም፤ የሚያሳዝነው፣ ምሳሌው የሚበላ አለመሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ልምላሜ ውሃ ይጠጣል። የአካባቢው ሐይቅ አንድ ጊዜ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለአካባቢው ሰው ዓሣ ይሰጥ ነበር፤ በፓምፕ እየተሳበ ወደ ጫትና ወደ አትክልት ማሳ ሲሄድ፣ ደለልም ሲሞላው በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። የውሃ ሀብት የሚያስተምር ተቋም ከአፍንጫው ሥር ሐይቅ ማጣቱ ለማንም የማይመኙት አጋጣሚ ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ፓምፖቹም ወሬውን ሰምተዋል።

የመምህራኑ ማዕድ ከተማሪው ይልቅ ለምርምር የቀረበ ነው። ዩኒቨርሲቲው የወተት ላሞችና የዶሮ እርባታ ስላለው፣ በግቢው መኖሪያ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች የወተቱንና የእንቁላሉን ትኩስነት አይጠራጠሩም። ከዚህም በላይ፣ የእንስሳት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዶሮዎችን በልዩ ልዩ መኖ ለሳምንታት መግቦ ሥጋቸውን መዝኖ ሲጨርስ፣ በመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይ የሚሰፍረው ቁጥሩ ነው፤ ሥጋው ወዴት እንደ ደረሰ በመመረቂያ ጽሑፉ አይጠቀስም። በወዳጅነት የተገመገሙ ጽሑፎች መብዛታቸው ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው ብሎ መጠርጠር ክፋት ይሆናል።

ተማሪው ወደዚህ ሳይንሳዊ ማዕድ የሚቀርብበት አንድ ሕጋዊ በር አለ፤ እርሱም የጣዕም ምዘና ነው። የምግብ ሳይንስ ተመራማሪ ማሽላ ከስንዴ፣ ወይም ስኳር ድንች ከበቆሎ ደባልቆ አዲስ ዳቦ ሲጋግር፣ ቀማሾችን ሰብስቦ «ሄዶኒክ» የሚባለውን ዘጠኝ ደረጃ ያለው መለኪያ ይሰጣቸዋል፤ አንድ «እጅግ ጠልቼዋለሁ»፣ ዘጠኝ «እጅግ ወድጄዋለሁ» ማለት ነው። መለኪያው በመጀመሪያ የተሠራው የአሜሪካ ወታደሮች የትኛውን ምግብ እንደሚወዱ ለማወቅ ስለነበር፣ በሰልፍ ለሚመገብ ሰው መዋሉ ከባሕርይው የራቀ አይደለም። ቀማሹ በየናሙናው መካከል አፉን በውሃ እንዲጉመጠመጥ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይነጋገር፣ ናሙናውን ጥቂት ቀምሶ ስሜቱን በሐቅ እንዲመዘግብ ይነገረዋል። መማሪያ መጻሕፍቱ ምዘናው እንዲካሄድ የሚመክሩት ቀማሹ በጣም ባልራበበት፣ በጣምም ባልጠገበበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የነን ካፌ ተማሪ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሲጠራ ግን የመጀመሪያውን ናሙና ዘጠኝ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውን ዘጠኝ፣ ሦስተኛውንም ዘጠኝ ይሰጠዋል፤ «አስተያየት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይም የናሙናው መጠን ጥናቱን በትክክል ለማካሄድ የማይበቃ ስለሆነ እንዲጨመር በትሕትና ያሳስባል።